ላብራቶሪ ሳይኖር 22 የሳይንስ መምህራንን በ3 ቀን ምን ላሰልጥን ለተባለው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ጠያቂው ሰሜን ሸዋ ውስጥ የክላስተር ሱፐርቫይዘር ነው፣ በስሩ 5 ትምህርት ቤት አለ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሳይንስ የሚያስተምሩ 22 መምህራን አሉ፣ ላብራቶሪ የሚባል ክፍል የለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ነው የሚቀመጠው፣ ወረዳው የ3 ቀን ስልጠና ፈቅዶለታል፣ እና የተዘጋጀ ኪት፣ ማለትም የሙከራ እቃ ያለበት ሳጥን፣ ልግዛ ወይስ ከአካባቢ በሚገኝ ነገር ልስራ፣ 3ቱን ቀንስ በምን ልጠቀምበት ይላል።

ወንድሜ ይሄ ጥያቄ እኔንም ለብዙ ዓመት ሲያስጨንቀኝ የኖረ ነው ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። የኪቱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ችግር እሱ ጋ አይደለም ያለው። እኔ መምህራን ኮሌጅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ በእረፍት ጊዜ ደግሞ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራንን አሰለጥናለሁ፣ እና ከዓመት ዓመት የማየው መምህሩን ከሙከራ የሚያርቀው ከእቃ እጦት ይበልጥ ፍርሃት መሆኑን ነው። 60 ልጅ አፍጥጦ እያየኝ ባይሰራልኝስ የሚል ፍርሃት። እቃ ያለበት ትምህርት ቤት ሄደህ እይ፣ ስቶር ውስጥ ካርቶኑ ከነእሽጉ ቁጭ ብሏል፣ ማይክሮስኮፑ ከነላስቲኩ ነው፣ መምህሩ የንብረት ማውጫውን ቅጽ ሞዴል 22 ፈርሞ አውጥቶ አንድ ቢከር ቢሰበርበት ከደሞዜ ይቆረጣል ብሎ ያስባል፣ በዛ ላይ ሙከራው እምቢ ቢለው ልጆቹ ይስቁበታል፣ ስለዚህ ምን በወጣው፣ ሰሌዳው ላይ ስዕሉን ይስልና "ሲጨመር ይደፈርሳል" ብሎ ጽፎ ይወጣል። አልፈርድበትም፣ እሱም ሲማር የተማረው እንደዛ ነው።

ይሄን የተረዳሁት ከራሴ ስህተት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አዳራሽ ውስጥ 40 የሚሆኑ መምህራን ተሰብስበው የኖራ ውሃ ውስጥ በስትሮው ሲነፋበት በትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደፈርሳል የሚለውን ላሳያቸው ተነሳሁ፣ ነፋሁ፣ ደግሜ ነፋሁ፣ ምንም የለም፣ ውሃው እንደጠራ ቀረ። እኔም "እንግዲህ መደፍረስ ነበረበት፣ ኖራው ችግር ሳይኖርበት አይቀርም" ብዬ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፍኩ። ከ2 ወር በኋላ ለክትትል ከሰልጣኞቹ የአንዷ ክፍል ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ ያው ሙከራ ደረሰ፣ ነፋች፣ አልደፈረሰም፣ እሷም "መደፍረስ ነበረበት ልጆች፣ ጻፉ፣ ይደፈርሳል" አለቻቸው። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ይደፈርሳል ብለው ጻፉ። በአይናቸው ያዩትን ትተው እኮ ነው። ቃሉን ሳይቀር ከኔ ነው የወሰደችው። ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ከዛ ወዲህ ስልጠናዬን ቀየርኩት። ሰልጣኝ ከአሰልጣኙ ይዞ የሚሄደው ሙከራው እምቢ ሲል አሰልጣኙ ምን እንዳደረገ ነው፣ ስለዚህ አንተም 3 ቀንህን የሚሰራ ሙከራ ለማሳየት አታውለው፣ የማይሰራ ሙከራ በመምህሩ እጅ ላይ እንዲደርስና እዛው እሱ ራሱ መንስኤውን እንዲፈልግ አውለው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት እንዴት እንደምጀምር ልንገርህ። ስላይድ የለም፣ የመክፈቻ ንግግርም ካለ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አስቀምጣለሁ፣ ያ ኪኒኑ ወጥቶ ጉድጓዱ የሚቀረውን ፕላስቲክ፣ የትልልቅ ኪኒን ሲሆን ይሻላል፣ ታጥቦ የደረቀ። ከጎኑ ድንች፣ ነጭ የጤፍ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ወተት፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁሉም በቆርኪ በቆርኪ። ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኜ በሲሪንጅ እሰጣቸዋለሁ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው ሁሌም። ከዛ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የትኛው ይጠቁራል? መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፣ ከዛ 2 ጠብታ ጣሉ። ድንቹ ወዲያው ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ስኳሩ ዝም። እዚህ ጋ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ግን ስልጠናው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ይፈስበትና ወረቀቱ ይጠቁራል። "ወረቀት ምግብ ነው እንዴ?" ይላል። ብዙ የጽሕፈት ወረቀት ሲሰራ ስታርች ይገባበታል፣ ይሄን የሚያውቅ መምህር ጥቂት ነው፣ እኔ ግን መልሱን አልነግራቸውም፣ ሌላ ወረቀት አምጡና ሞክሩ፣ ጋዜጣ፣ ደብተር፣ ሶፍት፣ የሚጠቁርና የማይጠቁር ታገኛላችሁ እላለሁ። ሌላዋ ደግሞ ሎሚው የነበረበትን ጉድጓድ ሳታጥብ ድንች ታስገባበትና አዮዲኑ ቀለሙን ያጣል። ቫይታሚን ሲ አዮዲንን ቀለም ያሳጣዋል፣ በነገራችን ላይ ነጭ ጋውን ላይ አዮዲን ቢፈስባችሁ ሎሚ ማሸት ነው። በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ መምህሩ ቢያንስ ሁለቴ "ለምን እንዲህ ሆነ" ብሏል፣ ማንም አላፈረበትም፣ ማንም አልሳቀበትም። የምፈልገው እሱን ነው።

አሁን ስለ ትንንሽ ሙከራ ራሱ፣ ለምን ትንንሽ። ሒሳቡን ለርዕሰ መምህራኑ ስታስረዳ ይጠቅምሃል። አንድ ጠብታ በግምት 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 60 ተማሪ በ5 በ5 ሲከፈል 12 ቡድን ይሆናል፣ በድሮው አሰራር ለየቡድኑ 20 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ 240 ሚሊ ሊትር ሄደ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማለት ነው፣ በ10 ጠብታ ሲሆን ግን ለ12ቱም ቡድን 6 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ዓመቱን ይዘልቅልሃል፣ ቢፈስም የሚፈሰው ጠብታ ነው፣ ልጁ እጅ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም በዛው ልክ ያንሳል፣ ቆሻሻውም ሲደፋ ብዙ ውሃ ተጨምሮበት ይሄዳል። ይሄ አካሄድ የኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም፣ ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማህበር ከአይዩፓክ ጋር ሆኖ ማይክሮሳይንስ በሚል ብዙ አገር ያስተዋወቀው ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ያለው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ራድማስቴ ማዕከል ያዘጋጀው ኮምቦፕሌት የሚባል ትልልቅና ትንንሽ ጉድጓድ ያለው ፕላስቲክ ሰሌዳም አለ፣ በጣም ጥሩ እቃ ነው፣ ግን የኪኒን ማሸጊያው አብዛኛውን ስራ ይሰራልሃል።

ከሰዓት በኋላ ሻማውን አድርግ። ይሄን ሙከራ ሁሉም መምህር አውቀዋለሁ ይላል ለዛ ነው የምመርጠው። ሰሃን ላይ ውሃ፣ መሀሉ ላይ የበራ ሻማ፣ ብርጭቆ ትደፋበታለህ፣ ሻማው ይጠፋል ውሃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። ለምን ወጣ ብለህ ስትጠይቅ ከ22ቱ ብዙዎቹ "ኦክስጅኑ ስላለቀ ቦታውን ውሃው ያዘው፣ አንድ አምስተኛ ይወጣል" ይሉሃል፣ እንደዛ ብለው ነው የተማሩት እንደዛ ብለው ነው የሚያስተምሩት። አትቃወማቸው። ውሃው የደረሰበትን በማርከር ምልክት አድርጉ በል፣ ከዛ ሻማውን 3 አድርጉት፣ ብርጭቆው ያው ነው፣ አየሩም ያው ነው፣ ውሃው የት ይደርሳል? ገምቱ። አብዛኛው "እዛው ነው፣ ኦክስጅኑ አልጨመረም እኮ" ይላል። በሶስት ሻማ ውሃው ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ከ20 ዓመት በላይ ያስተማሩ ጋሼ ብርጭቆውን አንስተው አራት ጊዜ ደጋግመው ሞከሩት፣ በአራተኛው አጎንብሰው ከጎን እያዩ "ውሃው እኮ የሚወጣው ሻማው እየነደደ እያለ አይደለም፣ ከጠፋ በኋላ ነው" አሉ። አለቀ፣ መልሱን አገኙት። ሻማዎቹ አየሩን ያሞቁታል፣ የሞቀው አየር ይሰፋና የተወሰነው ብርጭቆው ሳይደፋና ሲደፋ ያመልጣል፣ ጠርዙ ላይ አረፋ ሲወጣ ልታየውም ትችላለህ፣ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፣ የውጪው የአየር ግፊት ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ኦክስጅኑም ቢሆን ሻማው ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አላለቀም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በቦታው ተፈጥሯል። እኚህ ሰውዬ በማግስቱ ሌሎቹን ያሰለጠኑት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለዚህ ነው ገምት፣ እይ፣ አስረዳ የሚለውን ቅደም ተከተል አጥብቀህ የምትይዘው። ግምቱ ሳይጻፍ እጅ እቃ አይነካም። ካልተጻፈ ውጤቱን ካየ በኋላ ሁሉም "እኔም እንደዛ ብዬ ነበር" ነው የሚለው፣ ልጁም መምህሩም።

ሌላ አንተ ያለህበት አካባቢ የሚሰጥህ ትልቅ ስጦታ አለ፣ ከፍታው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ቴርሞሜትር ከትተህ አፍላው፣ በ90ና በ91 መሀል ሲደርስ እየተንተከተከ እዛው ቆሞ ይቀራል፣ አዲስ አበባም 92 አካባቢ ነው። ስንት ቴርሞሜትር "ተበላሽቷል" ተብሎ እንደተጣለ አስበው። መምህሩ ይሄን አንዴ በእጁ ካየ የአየር ግፊት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ሽሮ ደጋ ላይ ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናቱ ስትናገር የሰማው ነገር ነው። ልጆቹም ቆላ ያለ ዘመድ ካላቸው ስልክ ደውለው ያወዳድሩ። ቴርሞሜትሩ ግን የአልኮል ይሁን፣ ሜርኩሪ ያለበትን ብርማውን ክፍል ውስጥ አታስገባ፣ ቢሰበር ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው ትነቱም መርዝ ነው።

ጋዝ ላይ ደግሞ ሲሪንጁን ተጠቀም። 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ በጣም ትንሽ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ፣ ከዛ ከሌላ ሲሪንጅ በቀጭን ቱቦ አቼቶ ታስገባበታለህ፣ የጉሉኮስ ቱቦ አዲስ ከፋርማሲ ይገኛል፣ ፒስተኑ ራሱን ችሎ ወደ ኋላ ሲገፋ ያዩታል። እዚህ ጋ ሁለት ጉድ አለ። አንደኛው፣ ሱቅ ሄደው ቤኪንግ ፓውደር ገዝተው ይመጣሉ፣ ፓውደሩ ውስጥ አሲዱ አብሮ ስላለ በውሃ ብቻ አረፋ ይሰራል፣ እና መምህሩ "ውሃ አሲድ ነው እንዴ" የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ሁለቱንም አምጣላቸውና በውሃ ያወዳድሩ። ሁለተኛው መጠኑ ነው፣ 0.1 ግራም ሶዳ በባህር ወለል ላይ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ቢሰጥ እናንተ ጋ ከ40 ሊያልፍ ይችላል፣ ግፊቱ ስለሚያንስ፣ ስለዚህ 20 ሚሊ ሊትሩ አይችለውም ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ይሄ ያው የውሃው መፍላት ታሪክ ነው፣ ሁለቱን ሲያያይዙት ፊታቸው ላይ የምታየውን እኔ ልነግርህ አልችልም። ፒስተኑ ከደረቀና ካስቸገረ ትንሽ ግሊሰሪን ቀባው፣ ዘይትና ቫዝሊን ጎማውን ያሳብጠዋል።

የኖራውን ውሃ አሁን ሆን ብዬ ነው የማበላሸው። 3 ቡድን አዲስ ኖራ፣ 2 ቡድን ደግሞ ለወራት አፉ ተከፍቶ ከተቀመጠ ከረጢት የወጣ ኖራ እሰጣለሁ፣ ሳልናገር። በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ኖራ አድርጎ በጥብጦ ክዳኑን ዘግቶ ማሳደር ነው፣ ጠዋት ከላይ የጠራውን ቀስ አድርጎ በሲሪንጅ መሳብ። ከዛ በስትሮው ይነፉበታል፣ ለልጆች ሲሆን ስትሮው ላይ ወደ አፍ ጠጋ አድርገህ በስፒል ቀዳዳ አብጅለት፣ ቀዳዳ ካለው ሲነፉ ይሰራል ሲስቡ ግን ውሃው አይወጣም፣ ኖራ ውሃ አፍ ውስጥ አይግባ። ሶስቱ ቡድን ይደፈርስላቸዋል ሁለቱ እንደጠራ ይቀራል። መንስኤውን ፈልጉ። እዚህ ጋ የእርዱ ወረቀት ይመጣል። ከፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ውስጥ የወጥ እርድ በጥብጠህ ወረቀት ነክረህ ታደርቃለህ፣ ቢጫ ወረቀት ይሆናል፣ አመድ ውሃና ሳሙና ላይ ቀይ ቡናማ ይሆናል፣ ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫው ይመለሳል። አዲሱ ኖራ ውሃ ወረቀቱን ያቀላዋል፣ አሮጌው አያቀላውም ወይ በጣም ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም አሮጌው ኖራ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ እዛው ከረጢቱ ውስጥ ስራውን ጨርሷል፣ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኗል፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። የኔ ኖራ ያኔ ለምን እንዳልደፈረሰ ታያለህ አይደል? ያኔ 10 ደቂቃ ቆም ብዬ ከመምህራኑ ጋር ብፈልገው ኖሮ ከሙከራው የበለጠ ትምህርት ነበር የሚሆነው።

ከዛ ይሄንኑ ኖራ ውሃ ይዘህ ወደ ሊጥ ሂድ። ትንሽ የጤፍ ሊጥ ከነእርሾው በጠርሙስ፣ ቱቦው ወደ ኖራ ውሃው። ሊጡ ኩፍ ሲል ኖራ ውሃው ይደፈርሳል፣ የእንጀራው ዓይን ከየት እንደመጣ ማንም አይረሳውም። ብርድ ከሆነ ግን ሰዓት ይወስዳል ስለዚህ ጠዋት አስጀምረህ ከሰዓት እየው፣ ፀሐይ ያለበት መስኮት ጋ አስቀምጠው።

አሁን አንድ ያልጠየቅከኝ ግን የሚያጋጥምህ ነገር፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ጄኔራል ሳይንስ በሚል አንድ ላይ ሆነዋል፣ መምህሩ ግን ኮሌጅ የወጣው በአንዱ ነው። የባዮሎጂዋ መምህርት ኤሌክትሪክ ስትደርስ ትጨነቃለች፣ የፊዚክሱ ደግሞ አሲድና ቤዝ ላይ። ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርገህ ስታስቀምጣቸው ከተለያየ ትምህርት አገናኛቸው፣ እና እጁን የሚያስገባው የማያውቀው ይሁን፣ የሚያውቀው እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ በቃል ብቻ ይርዳ። ኤሌክትሪክ ላይ ሁለት የባትሪ ድንጋይና ቀይ ኤልኢዲ፣ ያ ሁለት እግር ያለው ትንሽዬ መብራት፣ ይበቃል፣ የመጀመሪያው "አልበራም" ሁሌም ኤልኢዲው ተገልብጦ ነው፣ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ። ነጩ ኤልኢዲ ከቀዩ የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ በደከመ ድንጋይ አይበራም፣ ቀዩን ግዛ። ከግድግዳ መብራት ጋር ግን በጭራሽ ምንም አይሰራም።

ሴፍቲውን ረጅም ሌክቸር አታድርገው፣ ግን ጥቂቶቹ ላይ አትደራደር። በረኪና ከአቼቶም ከሎሚም ከማንኛውም አሲድ ጋር አይገናኝም፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይሄን ለቤት ጽዳት ጭምር ንገራቸው። የመኪና ባትሪ አሲድ ከጋራዥ አምጥተው የሚጠቀሙ መምህራን አይቻለሁ፣ ይቅር፣ የአቼቶና የሎሚ አሲድ ለ7ኛና 8ኛ ይበቃል። የአልኮል ፋኖስ ላይ እየነደደ አልኮል አይጨመርም፣ እንዲያውም ሻማ በቂ ነው፣ ፀጉርና ነጠላ ይሰብሰብ። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጥቦ ጤና ጣቢያ ነው፣ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳይኖር ሙከራ አይጀመርም። የአንዱ ልጅ ምራቅ ወደ ሌላው ልጅ እቃ አይሄድም። የመቅመስ ነገር የለም፣ ምግብ እንኳን ቢሆን ሙከራ ላይ ከዋለ አይበላም።

3ቱን ቀን በተከታታይ አታድርገው። ይሄን ከወረዳው ጋር ተሟግተህም ቢሆን አስፈጽም። 2 ቀን አድርግና ሶስተኛውን ከ3 ሳምንት በኋላ አድርገው፣ መሀል ላይ እያንዳንዱ መምህር ቢያንስ 2 ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ሰርቶ ይምጣ፣ ይዞ የሚመጣውም የተሳካለትን ፎቶ ሳይሆን እምቢ ያለውን እቃ ነው። ሶስተኛው ቀን ሙሉውን በነሱ ችግር ይሄዳል። በክላስተር ደረጃ ስለሆነ ብዙዎቹ በእግር የሚደርሱ ናቸው፣ የአበልና የትራንስፖርት ነገር ያን ያህል አይለወጥም። ቅዳሜ ጠዋት ብታደርገው ክፍልም አይባክንም። የሚያሳዝነኝ ነገር፣ ብዙ ስልጠና ከላይ ወደታች ሲወርድ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ላይ 10 ቀን የነበረው ትምህርት ቤት ሲደርስ ግማሽ ቀንና ፎቶ ኮፒ ይሆናል፣ ፎቶ ኮፒ ደግሞ እጅ አያሰለጥንም። የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ስማሴ የሚል ፕሮጀክት ነበረው፣ ሐሳቡ ኬንያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተጀመረው ነው የመጣው፣ እዛ ውስጥ ያለውን አቅድ፣ ስራ፣ እይ፣ አሻሽል የሚለውን ዙር አሁንም እወደዋለሁ፣ ያንተ የ3 ሳምንት ክፍተት ማለት እሱ ነው። መምህራኑ መሀል ላይ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲያስተምር አንዱ ገብቶ ይይ፣ የሚያየው ግን ባልደረባውን ሳይሆን ልጆቹን ነው፣ ማን ነካ፣ ማን ሳይነካ ቀረ፣ ማን ምን አለ። ይሄ በሲፒዲ፣ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ ሰዓታቸውም ይያዝላቸው።

60 ተማሪ ስላለበት ክፍል። 12 ቡድን ተብሎ 12 ቡድን ላይ በአንዴ መሮጥ የለም። እኔ የምመክረው ግማሹ ክፍል ሲሰራ ግማሹ ግምቱንና ስዕሉን ይጽፋል ከዛ ይቀያየራሉ፣ 40 ደቂቃ ውስጥ ይበቃል ምክንያቱም የጠብታ ሙከራ 10 ደቂቃ አይፈጅም። በየቡድኑ እቃ የሚያመጣ፣ የሚያጥብና የሚመልስ አንድ አንድ ልጅ ይኑር፣ በየሳምንቱ ይቀያየር። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ሴቶቹ ልጆች ጸሐፊ ወንዶቹ ሰሪ እየሆኑ ይቀራሉ፣ ማንም አስቦበት አይደለም ግን ይሆናል፣ ሲሪንጁ በዙር ነው የሚያዘው በል።

ሙከራ ማለት እቃ መነካካት ብቻ እንዳይመስላቸውም አደራ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከነሱ ዝቅ ብሎ ያለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን የሚገድለውን ነገር ያገኙት። ያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አልፏል። እኔ ይሄን የምነግራቸው ሶስተኛው ቀን ላይ ነው፣ ከራሳቸው እጅ አንድ ያልጠበቁት ነገር ካዩ በኋላ፣ ያኔ ይገባቸዋል።

ወደ ኪቱ ልመለስ። ገንዘብ ካለህ ጥቂት ግዛ፣ ግን ስልጠናውን በኪት አትጀምር፣ በኪት የሰለጠነ መምህር ኪቱ ሲጎድል አብሮ ይቆማል። መጀመሪያ በኪኒን ማሸጊያ፣ በቆርኪና በሲሪንጅ ሰርቶ እጁ ከፈታ በኋላ ኪት ብትሰጠው በአግባቡ ይጠቀምበታል። የሚበላሹትን፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ ሲሪንጅ፣ ቱቦ፣ ሻማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ርዕሰ መምህራኑ ከስኩል ግራንት፣ ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ፣ ላይ አላቂ እቃ ብለው እንዲይዙልህ ከስልጠናው በፊት ተነጋገር። አላቂ መባሉ ወሳኝ ነው፣ አላቂ ከሆነ መምህሩ ተሰበረ ብሎ አይጠየቅም። ርዕሰ መምህራኑንና የንብረት ክፍል ሰራተኞቹን ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት ጥራቸውና ሻማውን እነሱም ይስሩት፣ ቁልፉ ያለው እነሱ ጋ ነው።

ክትትሉን በተመለከተ ቼክሊስት ይዘህ መዞር ትችላለህ፣ የትምህርት እቅዱ ላይ "ሙከራ" የሚል ይጻፍልሃል። እኔ ግን ክፍል ስገባ ሲሪንጆቹን አምጡልኝ ነው የምለው። ልጅ እጅ ላይ የዋለ ሲሪንጅ ቁጥሩና መስመሩ እየተፋቀ ይለቃል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ 5 ይሁን 10 አይታወቅም፣ ማርከር አምጥተው እንደገና ያሰምሩበታል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሰህ ስትሄድ ቁጥሩ ጥርት ብሎ የሚነበብ ሲሪንጅ ካሳዩህ ከዛ መምህር ጋር ቁጭ በልና የቱ ጋ እንደያዘው ጠይቀው፣ የተፋቀ ካሳዩህ ደግሞ አዲስ ይዘህለት ሂድ።